ዶቅዶቄና አደራ

የተዋሰውን ሞተር ብስክሌት ይዞ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ሌሊት እንቅልፍ የለውም። ይህን የምናገረው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም፤ በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር መጨረሻ ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር፣ ከዚያም እስከ ዘጌ በተጓዝሁ ጊዜ በራሴ ላይ ደርሶ ስላየሁት ነው። አንባቢ ምናልባት፣ «አንድ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ስለ ትምህርት መጻፍ ሲገባው ስለ ዶቅዶቄ ሰንሰለት ምን ያወራል?» ይል ይሆናል። ነገሩ ግን ከሰንሰለቱ አልፎ ወደ ሌላ ትምህርት ስላደረሰኝ ታሪኩን እንዳለ ላቅርበው።

ዶቅዶቄዋ የእኔ አይደለችም፤ የታላቅ ወንድሜ ናት። ወንድም ጋሼ የወፍጮ መካኒክ ነው። በገጠር ያለ የእህል ወፍጮ ሲሰበር ይጠሩታል፤ እርሱም መፍቻውንና ካቻቢቴውን ከኮርቻው ኋላ አስሮ አውቶቡስ በማይደርስበት መንገድ ይሄዳል። ዶቅዶቄዋን የገዛት የሦስት ዓመት ቁጠባውን አራግፎ ነው። ሕንድ ሠራሽ ቦክሰር ናት፤ ቀይ ቀለሟ ከአቧራው ብዛት የተነሣ ወደ ቡናማ ተለውጧል። ይህች ዶቅዶቄ ብትጠፋ የሚጠፋው ብረት ብቻ አይደለም፤ የአራት ልጆች እንጀራ ነው። ስለዚህ የግማሽ ዓመቱን ፈተና አርሜ ውጤት ካስረከብሁ በኋላ፣ ጣናን ለማየት ፈልጌ ለአንድ ሳምንት እንዲያውሰኝ በለመንሁት ጊዜ፣ እሺ ለማለት ሁለት ቀን ፈጀበት።

እሺ ካለም በኋላ ግማሽ ቀን ሙሉ አስቀምጦ አስተማረኝ። እኔም አስተማሪነቴን ረስቼ እንደ ተማሪ ደብተር ይዤ ጻፍሁ።

«ከሁሉ አስቀድሞ፣» አለኝ፣ «የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ላይ ገልብጠህ በኪስህ ያዝ። ሊብሬውን ራሱን ከኮርቻው ሥር እንዳትተወው፤ ሌባ ዶቅዶቄዋን ከነማስረጃዋ ካገኛት ባለቤቱ እርሱ ሆነ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ውሃ ልትገዛ ለአንድ ደቂቃ ስትወርድ እንኳ ሞተሩን አጥፍተህ ቁልፉን ንቀል። ሦስተኛ፣ መሪውን አጣመህ ቆልፍ፤ ነገር ግን በመሪው ቁልፍ አትመካ፤ ጕልበት ያለው ሰው ይሰብረዋል። ሰንሰለቱን በኋላው ጎማና በሻንሲው አሳልፈህ ከማይነቃነቅ ነገር ጋር እሰረው። የፊቱን ጎማ ብቻ ብታስር ጎማውን ትተውልህ ሌላውን ይዘው ይሄዳሉ። ከምንም ነገር ጋር ካላሰርሃት ደግሞ ሁለት ሦስት ጎረምሶች እንደ በግ አንሥተው በፒክአፕ ይጭኗታል። ጓጉንቸሩም መሬት አይንካ፤ መሬት ላይ ከተጋደመ ድንጋይ ደግፈው በመዶሻ ይፈልጡታል።»

ስለ ማታውም እንዲህ አለኝ። «ስታድር ካንዴላውን ፈተህ ከአንተ ጋር አሳድረው፤ ቀዳዳውንም በንጹሕ ጨርቅ ድፈነው። ያለ ካንዴላ የሚነሣ ሞተር የለም። ዶቅዶቄዋን በሸራ ሸፍናት፤ ሌባ አስቀድሞ የሚሰርቀው በዓይኑ ነው። ለማታውቀው ሰው የት እንደምታድር፣ በስንት ሰዓት እንደምትነሣ አትንገር። ምሳ ስትበላም እርሷን በምታይበት ወንበር ተቀመጥ።»

ይህን ሁሉ ከተናገረ በኋላ የአውራ ጣት ያህል የወፈረ ሰንሰለትና አንድ ትልቅ ጓጉንቸር ሰጠኝ። በመጨረሻም ትከሻዬን ይዞ፣ «አደራህን» አለኝ። እኔ በዚያን ጊዜ የከበደኝ ሰንሰለቱ እንጂ ቃሉ አልነበረም።

ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር ያለው መንገድ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን፣ እንጅባራን፣ ዳንግላንና መራዊን እያለፈ ይሄዳል። በአውቶቡስ መስኮት ያየሁት አገር በዶቅዶቄ ስሄድበት ሌላ አገር መሰለኝ፤ የአውድማው ገለባ ሽታ፣ የባሕር ዛፉ ጭስ፣ የደጋው ብርድ ሁሉ በቀጥታ ፊቴን ይመታኛል። ደስታዬ ግን ሙሉ አልነበረም። ፍኖተ ሰላም ላይ ምሳ ስበላ አንድ ዓይኔ ከወጡ፣ አንድ ዓይኔ ከዶቅዶቄዋ ነበረ። በአጠገቧ ያለፈ ሰው ሁሉ፣ ቄስም ቢሆን ተማሪ፣ ሌባ መሰለኝ። ሰውን ሁሉ በዚህ ዓይን ማየት ምን ያህል እንደሚያደክም የማያውቅ ካለ ንብረት ተውሶ ይሞክረው።

ከቤት ዘግይቼ ስለ ተነሣሁ፣ ስሟን ከማልጠራት አንዲት ትንሽ ከተማ ስደርስ መሸብኝ። አንድ ማደሪያ ቤት ያዝሁ። በግቢው በር ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌ ዘበኛ ተቀምጠዋል። እኔም ድካምና አሳብ ስለ ያዘኝ ሳልናገራቸው አልፌ ገባሁ። ዶቅዶቄዋን ከብረት ምሰሶ ጋር ጠፍሬ አሰርሁ፤ ጓጉንቸሩ መሬት እንዳይነካ አደረግሁ፤ መሪውን ቆለፍሁ፤ ካንዴላውን ፈትቼ በመሐረብ ጠቅልዬ ከትራሴ ሥር አኖርሁ። ፈተናውን ሁሉ በትክክል እንደ መለሰ ተማሪ ኰርቼ ተኛሁ።

በማለዳ ስወጣ ዶቅዶቄዋ አለች፤ ሰንሰለቱም እንደ ታሰረ ነው። ነገር ግን ሁለቱም ስፖኪዮዎች ተፈተው ተወስደዋል፤ የቤንዚኑ ቱቦም ተነቅሎ አንዲት ጠብታ እንኳ አልተረፈም። በዚያ ወራት ቤንዚን እንደ ልብ አይገኝም ነበርና ሌባው የሚሸጠውን አውቋል። እኔም በዘበኛው ላይ ጮኽሁ። ሽማግሌው ሳይቈጡ አዳመጡኝና እንዲህ አሉኝ።

«ልጄ፣ ማታ ስትገባ እንደምን አመሹ እንኳ አላልኸኝም። አደራህን የሰጠኸው ለሰንሰለትህ ነው። ሰንሰለቱም የታሰረውን ጠብቆልሃል፤ ያልታሰረውን ምን ያድርግልህ?»

መልሱ ሰበብ እንደ ነበረበት አይጠፋኝም፤ ዘበኛ ደመወዝ የሚቀበለው ሰላም ያለውን ሰው ንብረት ብቻ ለመጠበቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ቃሉ በልቤ ቀረ። ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ከዋጋው በላይ ከፍዬ ገዛሁና፣ ስፖኪዮ ስለሌለኝ አንገቴን እያዞርሁ ወደ ኋላ እየተመለከትሁ ጉዞዬን ቀጠልሁ።

በመንገድ ላይ ሁለት ነገር አሰብሁ። አንደኛው ኮሌጅ ሳለሁ ያየሁት የኢጣልያ ፊልም ነው። ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 እ.ኤ.አ. የሠራው «የብስክሌት ሌቦች» የሚባለው ፊልም ነው። አንድ ድኻ የሮማ ሰው ብስክሌት ላለው ብቻ የሚሰጥ ሥራ ያገኛል፤ የቤቱ አንሶላ ተይዞለት ብስክሌቱን ከመያዣ ያስወጣል፤ ሥራ በጀመረበት ቀን ይሰረቃል። ከትንሽ ልጁ ጋር ከተማውን ሲያስስ ውሎ ባጣ ጊዜ በመጨረሻ እርሱ ራሱ የሌላ ሰው ብስክሌት ሊሰርቅ ይነሣና ይያዛል። በተማሪነቴ ጊዜ የሰውየው ሥራ አላስደነቀኝም ነበር፤ ባዶውን ታንከር ያየሁ ለታ ግን የሌላ ሰው ዶቅዶቄ በአጠገቤ ቆሞ ሳየው ስፖኪዮውን ለአንድ አፍታ ተመልክቼዋለሁ። ይህን መናዘዝ ይገባኛል።

ሁለተኛው ያሰብሁት የአባቶቻችን ሥርዓት ነው። በቀድሞ ዘመን ንብረት ጠፍቶ ሌባው ካልታወቀ አፈርሳታ ይጠራ ነበር፤ አውጫጭኝም ይባላል። የአገሩ ሰው በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ያየውንና የሰማውን እስኪያወጣ ድረስም ይያዛል። ሌባ ሻይ የሚባልም ነበረ፤ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ይለቀቃል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። በዚህ ስንት ንጹሕ ሰው እንደ ተጐዳ መገመት አያዳግትም፤ በኋላም በመንግሥት ተከለከለ። አፈርሳታም ቢሆን ሰውን ከሥራው አስፈትቶ ያንገላታ ነበር። ነገር ግን በውስጡ አንድ አሳብ አለ፤ ስርቆት የባለ ንብረቱ ጕዳይ ብቻ ሳይሆን የመንደሩ ሁሉ ጕዳይ ነው የሚል። የመንገደኛ ችግር እዚህ ላይ ነው፤ መንገደኛ መንደር የለውም። ባደረበት ሁሉ ለአንድ ሌሊት መንደር ካላበጀ በቀር ሰንሰለቱ ብቻውን ነው።

ባሕር ዳር ስደርስ ጣና ወለል ብሎ ታየኝ። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተኛው ይህ ሐይቅ በአገራችን ከሐይቆች ሁሉ ሰፊው ነው፤ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል። በዘንባባው ጥላ ሥር ብስክሌት የሚነዳው ሰው ብዛት ደግሞ ከተማዋን የመንኰራኵር ከተማ ያሰኛታል። እኔም በዚህ ጊዜ ተምሬያለሁና፣ ወደ ማደሪያው ስገባ መጀመሪያ ዘበኛውን ሰላም አልሁ፤ ስሙን ጠየቅሁ፤ የደረሰብኝን ነገርሁት፤ «አደራህን፣ የወንድሜ ናት» አልሁት። እርሱም ዶቅዶቄዋን ከራሱ ጎጆ አጠገብ አስገብቶ አሳሰረኝ። ሦስት ሌሊት አደረች፤ አንድ ቡሎን እንኳ አልጐደለም።

እንግዲህ ዘዴውን አወቅሁት አልሁ። አደራ ማለት ከጓጉንቸር የሚረክስ፣ ክብደት የሌለው፣ በኪስ የማይያዝ ቁልፍ ነው ብዬ ደመደምሁ። ስሕተቴም ከዚህ ጀመረ።

በአራተኛው ቀን ወደ ዘጌ ሄድሁ። ዘጌ በጣና ደቡብ ምዕራብ ዳር ወደ ሐይቁ የገባ፣ በቡና ጫካ የተሸፈነ ምድር ነው። በሬ ተጠምዶ እንዳይታረስበት፣ ከብትም እንዳይረባበት ከጥንት የቆየ የገዳሙ ሥርዓት ስላለ ሕዝቡ በቡናው ሲኖር ቆይቷል። አቧራማውን መንገድ ጨርሼ ወደ ገዳማቱ የሚያወጣው የእግር መንገድ ከሚጀምርበት ስደርስ ከጧቱ አራት ሰዓት ነበር። አንዲት አሮጊት ከዛፍ ሥር ቡና የሞላ ቅርጫት አጠገባቸው አድርገው ተቀምጠዋል።

«እማማ፣» አልኋቸው፣ «ይህችን ሞተር አደራ። አንድ ሰዓት አይሞላኝም።»

«እሺ ልጄ፣ ሂድ» አሉኝ። እኔም መሪውን ብቻ ቆልፌ፣ ሰንሰለቱን ከከረጢቱ ለማውጣት ሰንፌ ሄድሁ።

ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገብቼ በመቅደሱ ግድግዳ ያሉትን ሥዕሎች ስመለከት አንድ ሰዓት አለፈ። ስወጣ ኮሌጅ አብረውኝ የተማሩ ሁለት አስተማሪዎች አገኘሁ፤ ጀልባ ተከራይተው ወደ ክብራን ገብርኤል ሊሻገሩ ነው። «ና እንጂ፣ ወዲያው እንመለሳለን» አሉኝ። ዶቅዶቄዋን አሰብኋት፤ አሮጊቷን ግን አላሰብኋቸውም። «ጠባቂ አላት» ብዬ ተሳፈርሁ። ከቀትር በኋላ በጣና ላይ ነፋስ ተነሣ፤ ማዕበሉም ከፍ አለ። ባለ ጀልባው እስኪበርድ አልንቀሳቀስም ብሎ በደሴቲቱ ዳር አቆየን። ወደ ዘጌ ስመለስ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል።

እየሮጥሁ ወጣሁ። እማማ ከድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ብትራቸውን በጕልበታቸው ላይ አጋድመዋል፤ ነጠላቸውን አውልቀው የዶቅዶቄዋን ኮርቻ ከፀሐይ ሸፍነውበታል። ልጆች ሊወጡባት ሲመጡ አባርረዋል። አንድ ጎረምሳም መጥቶ፣ «ባለቤቱ ወደ ወደቡ አምጣልኝ ብሎኛል» ቢላቸው፣ «እንግዲያስ ቁልፉን አሳየኝ» ብለው መልሰውታል። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ግን እርሳቸው አይደሉም፤ በአጠገቡ ያለች ሻይ የምትሸጥ ልጅ ናት። እርሷው ናት ደግሞ፣ «የስምንት ሰዓቱ ጀልባ አመለጣቸው እኮ» ያለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማማ ባሕር ዳር የምትኖር ልጅ አለቻቸው። ልጅቱ ወንድ ልጅ ወልዳ አርባው የሚሞላው በማግሥቱ ነው፤ ክርስትናው ገና ሳይነጋ ነው። ቅርጫቱ ውስጥ ያለው ቡና ለዚያ የሚፈላው ነበር። ጀልባው ሲመጣ ጠርተዋቸዋል፤ እርሳቸው ግን፣ «የሰው አደራ ይዣለሁ» ብለው ቀሩ።

ምድር ብትከፈት በገባሁ ነበር። «እማማ፣ ለሌላ ሰው አደራ ብለው ለምን አልሄዱም?» አልኋቸው።

«የተቀበልሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው መቼ እሺ አለህ?» አሉኝ።

ኪሴ ገብቼ ብር አወጣሁ። እጄን በእጃቸው መለሱት። «ልጄ፣ አደራ በብር ከተለወጠማ ኪራይ ሆነ። ኪራይ ቢሆን ጀልባው ሲመጣ ጥዬልህ በሄድሁ ነበር።»

ከዚያ በኋላ የቀረ ነገር ቢኖር አንድ ነው። የራስ ቁሬን አውልቄ በሻሻቸው ላይ አጠለቅሁላቸው፤ ሻይ የምትሸጠው ልጅ ደግፋ ከኋላዬ አስቀመጠቻቸው፤ ቅርጫቱንም በሰንሰለቱ ከኮርቻው ኋላ አሰርነው። ያ ሰንሰለት በጉዞው ሁሉ ያን ያህል ቁም ነገር የሠራበት ጊዜ የለም። እማማ በዕድሜያቸው ዶቅዶቄ ላይ ወጥተው አያውቁም። መንገዱ ሻካራ ነው፤ ጨለማውም እየገባ ነው። በየጕድጓዱ ወገቤን ጭብጥ አድርገው፣ «አደራህን ልጄ! አደራህን!» ይሉኛል። ከዚያ ጧት ጀምሮ ስናገረው የዋልሁት ቃል ክብደቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። አደራ ያለው ሰው እፎይ ይላል፤ እሺ ያለው ሰው ግን ይታሰራል። ጓጉንቸሩ የሚዞረው በብረቱ ላይ ሳይሆን በሰውየው ላይ ነው።

ሽምብጥ ሰፈር ከልጃቸው ቤት ስንደርስ ሁለት ሰዓት ሆኗል። እናታቸው በባርኔጣ መሳይ ነገር ተሸፍነው በዶቅዶቄ ሲመጡ ያዩት ዘመዶች እልል አሉ። እኔን ሌባ አድርገው ሊያስሩኝ ሲገባ አብልተው፣ አጠጥተው፣ መደብ አንጥፈው አስተኙኝ። ዶቅዶቄዋን ወደ ግቢ ስናስገባ፣ «እዚህስ ማን ይነካታል፤ ሳላስራት ትደር» ብል፣ እማማ ተቈጡኝ። «እግዜርም ይጠብቃል፤ አንተም እሰር። እኔስ መተኛት አያምረኝም?» አሉ። በማግሥቱም ገና ሳይነጋ ከእነርሱ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ።

ወደ ደብረ ማርቆስ ተመልሼ ዶቅዶቄዋን ለወንድሜ ሳስረክብ የስፖኪዮውን ዋጋ ከደመወዜ ከፈልሁት። ታሪኩን ሁሉ ነገርሁት። ስለ ሌባው ብዙ አልጠየቀኝም። «ለእማማስ ምን መለስህላቸው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

በኋላ ነገሩን ሳሰላስል በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ገልጬ አየሁ። ሕጉ የሌላውን ሰው ንብረት ተቀብሎ መጠበቅን ከውሎች መካከል ቈጥሮ ስሙንም አደራ ብሎታል፤ እማማ ከድንጋዩ ላይ ሆነው የጠበቁትን ቃል ማለት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 665 ሰራቂን በቀላል እስራት፣ እንደ ነገሩ ክብደትም እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በሞተር ብስክሌት እየሄዱ የሚነጥቁ ስለ በዙ የአዲስ አበባ አስተዳደር ሞተረኞችን ከከተማው መንገድ እስከ ማገድ ደርሶ ነበር። ዶቅዶቄ የሌባ ምርኮም፣ የሌባ ፈረስም ይሆናል ማለት ነው። ሕግም ሰንሰለትም ያስፈልጋሉ። ነገር ግን ሁለቱም የሚደርሱት ዓይን ያለው ሰው በአጠገቡ ሲኖር ነው።

ስለዚህ ወንድሜ ባጻፈኝ ደብተር መጨረሻ ላይ ሦስት መስመር ጨምሬአለሁ። በምታድርበት ቦታ አስቀድመህ ሰላም በል። አደራ ስትል የምትመለስበትን ሰዓት በእውነት ተናገር፤ በዚያም ሰዓት ተመለስ። ያሰርኸው ብረት ይጠብቅሃል፤ አደራ የተቀበለህ ሰው ግን ሥራ አለው፣ ልጅ አለው፣ የሚሄድበት ጀልባ አለው። አሁን ግን ለመንገደኛ ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው የመንገዱን ሰላም መጠየቅ ነው፤ ከጕዞዬ ስድስት ወር ቆይቶ፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ፣ ያ መንገድ እንደ ልብ የሚኬድበት መሆኑ ቀርቶብኛል።

በክርስትናው ጧት እማማን ሕፃኑን እንደ ታቀፉ፣ የራስ ቁሩን ከአጠገባቸው አስቀምጠው ፎቶግራፍ አንሥቻቸው ነበር። «አደራህን፣ ከግድግዳ የሚሰቀል አድርገህ አምጣልኝ» አሉኝ። እኔም፣ «ለትንሣኤ እመጣለሁ» አልኋቸው። ፎቶግራፉን አሳጥቤ፣ በመስተዋት አስገብቼ፣ ከመጽሐፎቼ መካከል አቁሜዋለሁ። ለትንሣኤ ሥራ በዛብኝ፤ ክረምት ላይ እወስደዋለሁ አልሁ፤ ክረምቱም የሆነውን ሆነ። እርሳቸው የእኔን አደራ አንድ ቀን ሙሉ ከድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁልኝ። የእርሳቸው አደራ ግን እስከ ዛሬ በእኔ ዘንድ አለ።